ጀልባ ላይ መነሳት አይቻልም

ጣሊያን ባሕር ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለመዋኘት የሚሄድ አይመስልም፤ ቤት የለቀቀ ነው የሚመስለው። ጠረጴዛው፣ ወንበሩ፣ ጃንጥላው፣ ሐብሐቡ፣ ፓስታ ፉርኖው ከነትሪው፣ አያትየዋም ከነትራሳቸው መኪና ላይ ይጫናሉ። በበጋ እሑድ ጠዋት የሮማ መንገድ ዳር ብትቆሙ አገር የተወረረ ይመስላችኋል። እኔ እንደመጣሁ ሰሞን «ምን መጣ?» ብዬ ጠይቄ ተስቆብኛል። ጦርነት ካለበት አገር የመጣ ሰው የተጫነ መኪና ሲያይ ሌላ ምን ያስብ?

ታዲያ አንድ እሑድ እኛ ከሁሉም የባሰ ነገር ጭነን ሄድን። ጀልባ። ከነሸራዋ፣ ከነምሰሶዋ። ጀልባዋ ብቻ በሆነች ደግ ነበር። ከጀልባዋ ጋር ያልተነገረ መርዶም ጭነን ነበር። የመርዶው ባለቤት ደግሞ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ እየሳቀች እንቁላል ትልጥ ነበር።

ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው።

እኔ በዚያን ጊዜ ኢንጀኜሬ፣ መሐንዲስ ማለት ነው፣ የሚባሉ ሽማግሌ ቤት ነበር የምሠራው። ጣሊያን የተማረ ሰው በስሙ አይጠራም፤ በትምህርቱ ነው የሚጠራው። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ የምጠራው በስሜ ነው፤ አስካል ይሉኛል። ልጄ ማርታ መነኮሳቱ ጋ አዳሪ ነበረች፤ የወሩ መጨረሻ እሑድ ነው የምትመጣልኝ። ኢንጀኜሬ ሚስታቸው ሞተውባቸዋል፣ ልጆቻቸው ሚላኖ ናቸው። እኔና እሳቸው እንደ ሁለት አሮጌ ወንበር ነበርን፤ ሳንነጋገር እንግባባለን።

ከላይኛው ፎቅ ዘውዲቱ አለች። እሷም እንደኔ ሰው ቤት ነው የምትሠራ። የጉለሌ ልጅ ናት፤ አፏ ስል፣ እጇ ብርቱ። አንሶላ ስትጨምቅ አንሶላው ያዝንላታል። አንድ ልጅ ነው ያላት፣ ሲሳይ። ለወንድሟ ትታው መጥታ፣ ልጁ አደገና ባሕር ኃይል ገባ። ምጽዋ ነው ያለው። ውሃው እንዴት ጨው እንደሆነ፣ ከንፈር እንዴት እንደሚሰነጥቅ ይጽፍላታል። እሷ ደግሞ ባሕር የሚባል ነገር አይታ አታውቅም። በአውሮፕላን መጥታ ሮማ ላይ ያረፈች ናት። «ለምን በባቡር ሄደሽ አታይም?» ስላት «ሐሙስ ከሰዓት ያገሬን ሰው ትቼ ራቁቱን የሚሄድ ሰው ላይ?» ትለኛለች። ሠራተኛ የሚያርፈው ሐሙስና እሑድ ከሰዓት ብቻ ነበር። በዚያች ጊዜ ስንቱ ይደረግ?

ግን ባሕሩ ከልቧ አይወጣም። ሥራ ሲቀልላት ወጥ ቤቴ ትወርድና ኢንጀኜሬን ትጠይቃቸዋለች። የናንተ ባሕር ከኛ ባሕር ጋር ይገናኛል ወይ? እሳቸውም ትልቁን የካርታ መጽሐፍ አውጥተው በጣታቸው ያሳዩዋታል። እንዲህ በሲሲሊ በኩል፣ እንዲህ በስዊዝ ቦይ በኩል፣ ይኸው ምጽዋ። በወር ውስጥ ስንቴ እንደምትጠይቃቸው እኔ ነኝ የማውቀው፤ እሳቸው አንድም ቀን «ነግሬሽ የለም ወይ» አላሏትም። እሷም ሁልጊዜ አዲስ እንደሰማች «ታዲያ አንድ ውሃ ነው በሉኛ» ብላ ደስ ብሏት ደረጃውን ትወጣለች።

ኢንጀኜሬ ጀልባ አላቸው። ትንሽ የእንጨት ጀልባ ናት፤ ሉቺያ ትባላለች፣ በሚስታቸው ስም። ብራቻኖ ሐይቅ ዳር ነው የምትቀመጠው። ሚስትየው በሕይወት ሳሉ «ባሕር አውርዳት» ይሏቸው ነበር አሉ። እሳቸውም በየበጋው «ዘንድሮ» ይላሉ። ዘንድሮ እንዳሉ ሴትየዋ ሞቱ። ለዘውዲቱም «ሉቺያን ባሕር ያወረድኳት ቀን አንቺን እወስድሻለሁ» ብለዋታል። እሷም አላመነችም። የሽማግሌ ዘንድሮ እንደ ሎተሪ ነው ትላለች።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ሰሞን ከአስመራ የመጣች ሴት ቅዱስ እስጢፋኖስ ቅዳሴ መጥታ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ የካቶሊክ ነው፤ ግን ግዕዙ ግዕዝ ነው፣ ቄሱም ያገራችን ሰው አባ ናቸው፤ አገር የናፈቀው ሁሉ ይሄዳል። ሴትዮዋ ለአባ ነገረቻቸው። ሲሳይ የነበረባት መርከብ ተመትታ ሰጥማለች። ሬሳም አልወጣ።

በዚያ ዘመን ያገራችን ሬዲዮ የሚያወራው ድል ብቻ ነበር። የሞተ ሰው የለም። ለእናት የሚነግር መንግሥት የለም። ሞት የሚመጣው በሰው አፍ፣ በሹክሹክታ ነው። አባ ለእትዬ በላይነሽ ነገሩ። እትዬ በላይነሽ የሁላችንም ታላቅ ናቸው። ሮማ ላይ ልደት፣ ክርስትና፣ ለቅሶ ያለ እሳቸው አይሆንም። ሐሙስ ከሰዓት ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ስንሰበሰብ ዘውዲቱ የለችም፤ አሠሪዋ ሲኞራ እንግዳ ነበረባትና ያን ቀን አልወጣችም። እግዜር ያመቻቸው ነው አልን። ዛፍ ሥር ቆመን መከርን።

ምን ያስመክራል አትሉም? ያስመክራል። ዘውዲቱ እናቷ የሞቱ ጊዜ አንድ የማያስተውል ዘመድ ስልክ ደውሎ ነው ያረዳት። ብቻዋን ሸሚዝ ስትተኩስ። ስልኩን ዘግታ ሸሚዙን ጨርሳ ተኮሰች፤ አሠሪዋ ለብሰውት እራት የሚወጡበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁላችንንም አስምላናለች። «ክፉ ነገር ከመጣ ብቻዬን እንዳታረዱኝ። የሰው ቤት ውስጥ እንዳታረዱኝ። እንደ ሰው በሰው መሀል አልቅሼ እርሜን ላውጣ።» ይኸው ነበር ቃላችን። ሌላ የምናደርግላት ነገር አልነበረንም፤ ልጁን አናስነሳላት።

እትዬ በላይነሽ ወሰኑ። እሑድ ማታ ቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለችው የእሳቸው ቤት ማኅበር አለ ተብላ ትመጣለች። በደንብ ትበላለች። መርዶ የሚነገረው ሰው ሆዱ ባዶ መሆን የለበትም፤ ከዚያ በኋላ እህል አይወርድለትማ። ትተኛለች። ሰኞ ጎህ ሲቀድ አባ ባሉበት፣ ሁላችንም በቆምንበት ይነገራታል። ለሰኞ ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። «የዘውዲቱን ሲኞራ ያንቺ ሽማግሌ ያናግሩልን» አሉኝ። «ያን ያህልማ ጨዋ ናቸው።»

አርብ ቡናቸውን ይዤ ገባሁና ነገርኳቸው። የዘውዲቱ ልጅ ሞቷል፤ ሰኞ ለቅሶ ነው፤ ለሁለታችንም ፈቃድ እፈልጋለሁ። ጋዜጣቸውን አስቀመጡ። የት ነው የሞተው አሉ። ባሕር ላይ አልኳቸው። መቃብር አለው? የለውም አልኳቸው። ቡናው በረደ። ከዚያ «እሑድ ሉቺያን ባሕር እናወርዳለን። ለዘውዲቱ ንገሪያት፤ ሲኞራዋን ለሁለቱም ቀን እኔ አነጋግራለሁ» አሉ።

እኔ ምን መሰለኝ? ሽማግሌው አዝነው፣ ክፉው ሳይመጣባት አንዲት ቀን ደስ ይበላት ያሉ መሰለኝ። ለእትዬ በላይነሽ ስልክ ደውዬ አማከርኳቸው። እሳቸውም አሰቡበትና «አሎራ፣ እንግዲያውስ ጥሩ ነው» አሉ። «አይሆንም ካልን ትጠረጥራለች። ትሂድ። ነፋስ ይምታት፣ ይድከማት፤ ማታ ጥሩ እንቅልፍ ትተኛለች። አንቺ ብቻ ፊትሽን ጠብቂ። ደግሞ አብያት።»

ፊቴን መጠበቁ ነው ያቃተኝ እንጂ ማብላቱስ አላቃተኝም። ድፎ ጋገርኩ፣ እንቁላል ቀቀልኩ፣ ዶሮ ጠበስኩ። እሑድ ከጠዋት ጀምሮ ዘውዲቱን ብይ እላታለሁ። ብራቻኖ ሳንደርስ ድፎ፣ ብራቻኖ ስንደርስ ዶሮ። «ምነው አስካል» አለችኝ፣ «ለፋሲካ ልታርጂኝ ነው እንዴ?» ሳቅኩ። እንዴት እንደሳቅኩ እመቤቴ ታውቃለች።

ኢንጀኜሬ ያን ቀን ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ጥቁር ከረባት አስረው ነበር። ጀልባ ለመጎተት ከረባት? ሚስታቸውን አስታውሰው ነው አልኩ በሆዴ። ዘውዲቱ ግን በሆዷ አታስቀምጥም። «ሽማግሌው ሠርግ ነው እንዴ የሚወስዱን?» ትለኛለች ባማርኛ። እሳቸውም ለሷ በር ይከፍቱላታል፣ ክንዷን ይይዙላታል፣ ሲያነጋግሯት ድምጻቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «ዛሬስ ሊያገቡኝ ነው» አለችኝ።

ጀልባ መጫን ቀላል አይምሰላችሁ። ምሰሶዋን አወረድን፣ ሸራዋን ጠቀለልን፣ ከሐይቁ ጎትተን ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ላይ አወጣናት፣ በገመድ ጠፈርናት። ወንድ ሥራ ነው የሚባለውን ዘውዲቱ ናት የሠራችው። ሽማግሌው ገመድ ሲያሳዩአት አንዴ አይታ ታስራለች። ምሰሶዋን የመኪናው ጣራ ላይ አሰርናት፤ ወደ ኋላ ረዝማ ወጣች። ትራፊክ ይቀጣል፣ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ይንጠልጠል አሉ። ዘውዲቱ የራሷን ቀይ ሻሽ ከጸጉሯ ፈታ አሰረችው። መንገድ ላይ በዝግታ ስንሄድ ያልሰደበን የለም። የቀደመን ሁሉ ጥሩንባውን ነፍቶ፣ እጁን በመስኮት አውጥቶ ነው የሚያልፈው። ዘውዲቱም ለሁሉም እጇን ታውለበልብላቸዋለች፤ ሰላምታ የሰጧት ነው የምታስመስለው።

ሳንታ ማሪኔላ ስንደርስ ባሕሩ ታየ። ዘውዲቱ ከመኪና ወርዳ አሸዋው ላይ ብዙ ቆመችና «ወይ ሲሳይ፣ ይሄ ሁሉ?» አለች።

ሉቺያን ወደ ውሃው ስንገፋት ኢንጀኜሬ ከጠርሙስ ትንሽ ወይን አፍንጫዋ ላይ አፈሰሱ፤ ልማዳቸው ነው። እኔም ከቦርሳዬ የእንጦጦ ጠበሌን አውጥቼ ጠብ አደረግሁባት። ኢንጀኜሬ ምን እንደሆነ ጠይቀውኝ ስነግራቸው ባርኔጣቸውን አነሱ። ለኔ ጀልባዋ ያኔ ክርስትና ተነሳች። ውዳሴ ማርያሜን በልቤ እያልኩ ገባሁ።

ሐይቅና ባሕር አንድ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ሐይቅ የተኛ ነው፤ ባሕር ከሥርህ ይነሳል። ሉቺያ ዕድሜዋን ሙሉ ሐይቅ የለመደች፣ እንደ ገጠር ልጅ ደነገጠች። አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች። ኢንጀኜሬ ግን ከኋላ መሪውን ይዘው «ታያላችሁ፣ በጨው ውሃ ቀለል ትላለች» ይላሉ። እኔን እንደ ድንጋይ መሀል አስቀመጡኝ። ሸራው የሚሳብበትን ገመድ ለዘውዲቱ ሰጧት። ሳቢ ሲሏት ትስባለች፣ ልቀቂ ሲሏት ትለቃለች። ሸራው ሲነፋ ቀና ብላ አየችና «ይሄን ሁሉ አንሶላ ማን ሊተኩሰው ነው?» አለች። ያን ጊዜ እውነቴን ሳቅኩ። ውሃው ፊታችን ላይ ይረጫል። እሷ ከንፈሯን ትልሳለች። «እውነቱን ነው ልጄ፣ ጨው ነው» ትላለች። ደስ ብሏታል። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው የሚሉት ተረት ከዚያ በፊት ስለ ውሃ የተባለ አይመስለኝም ነበር።

ከዳር እንደራቅን ኢንጀኜሬ ጀልባዋን ወደ ነፋሱ አዞሯት። ሸራው ተርገበገበ፣ ጀልባዋ ቆመች። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከወንበራቸው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡ፤ ነጭ አበባ። ለዘውዲቱ ሰጧት። በቀስታ ነው የተናገሩት። በዓለም ጦርነት ጊዜ ወንድማቸው ባሕር ላይ ቀርቶ ነበር። መቃብር ስላልነበረው እናታቸው እስኪሞቱ ድረስ በየዓመቱ ውሃው ላይ አበባ ይጥሉለት ነበር። «መቃብር የሌለው መርከበኛ እንዲህ ነው የሚደረግለት» አሏት። «ይሄ ለሲሳይ ነው።»

ዘውዲቱ አበባውን ተቀብላ ወደኔ ዞረች። ፈገግ ብላለች። ነገሩ ወደ ልቧ አልገባም። ባማርኛ «ውሃው ያደርስለታል ነው የሚሉኝ?» አለችኝ። «ሰላምታ መሆኑ ነው?»

ምን ልበላት? እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሏታላችሁ? እኔ «ፊትሽን ጠብቂ» ተብዬ ከአርብ ጀምሮ የጠበቅሁት ፊት እዚያ ላይ ከዳኝ። አየችኝ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አየች። ከረባታቸውን አየች። አበባውን አየች።

«አስካል» አለች።

ዐይኔን ወደ ውሃው መለስኩ።

ልትነሳ ብድግ አለች። እኛ አገር ሰው ሲረዳ ይነሳል፤ ይጮኻል፣ ይወድቃል፣ ሰው ይይዘዋል። ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን አጋደለች፣ ውሃ ገባ፣ ኢንጀኜሬ ደንግጠው እጃቸውን ዘረጉ። ተቀመጪ፣ ተቀመጪ፣ ጀልባ ላይ መነሳት አይቻልም አሏት። እኔም ቀሚሷን ይዤ ሳብኳት። ተቀመጠች። አፏን ከፍታ ድምጽ አልወጣትም። እጇን ወደ ውሃው ሰደደች፣ በመዳፏ ዘግና ወደ አፏ አደረገችው።

«የጠጣው ይሄን ነው?» አለችኝ።

አበባውን አልወረወረችውም። እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ከውሃው ውስጥ ለቀቀችው። ገመዱ አሁንም በሌላ እጇ ላይ ነበር። ልቀበላት ብል አልሰጥ አለችኝ። እስከ ዳር ድረስ ሳቢ ሲሏት ሳበች፣ ልቀቂ ሲሏት ለቀቀች፤ እንባዋ ብቻ ያለማቋረጥ ይወርዳል።

ዳር ስንደርስ ኢንጀኜሬ ወደ ጎን ጠሩኝ። አላወቀችም ነበር? አሉኝ። አላወቀችም አልኳቸው። እናንተ ሁላችሁ ታውቁ ነበር? አዎ። ከሐሙስ ጀምሮ? አዎ። እና እሷ ዛሬ ስትስቅ ዋለች? ከነከረባታቸው አሸዋው ላይ ተቀመጡ።

አያችሁ፣ «አትንገሯት» አላልኳቸውም። እንዴት ይባላል? ለኛ ሰው ይህን ማለት ስድብ ነው። ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። መርዶ በእጁ ያለ ሰው ዝም ይላል፣ አለቀ። እሳቸው ደግሞ አገር ያወቀውን ፀሐይ የሞቀውን እናቱ ሳታውቅ ትቀራለች ብለው እንዴት ያስቡ? በሳቸው አገር ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚነገራት እናት ናት። በኛ አገር መጨረሻ የምትሰማው እናት ናት። ማነው ልክ? ልጄ ማርታ ትልቅ ሆና ስነግራት «ማማ፣ ልክ የነበሩት እሳቸው ናቸው» አለችኝ። ይሁን። ግን አንድ ነገር ልበል። ያን ጠዋት ዘውዲቱ መንገደኛውን ሁሉ ሰላም ስትል ልጇ በሕይወት ነበር። ከኛ ዘንድ ሞቷል፤ ከሷ ዘንድ አልሞተም። ያችን ጥቂት ቀን ማን ይነፍጋታል?

ጀልባ የጨው ውሃ ከነካት በንጹሕ ውሃ መታጠብ አለባት፤ አለበለዚያ ጨው እንጨቱን ይበላዋል። ዳር ላይ የቧንቧ ውሃ አለ። ኢንጀኜሬ ዛሬስ ይቅር አሉ። ዘውዲቱ ግን ስፖንጁን አነሳች። ሉቺያን ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ፣ ከሆዷም ከሥሯም፣ ቀስ አድርጋ፣ እያገላበጠች አጠበቻት። በቀሚሷ ጫፍ አደረቀቻት። እናት ሬሳ ካላገኘች እጇ ምን ይሁን? እኔም ኢንጀኜሬም ራቅ ብለን ቆምን።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ከኋላ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ብዙ ከሄድን በኋላ አፏን ከፈተች።

«እትዬ በላይነሽ ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ።»

«መቼ ሊነግሩኝ ነበር?»

«ነገ፣ ጎህ ሲቀድ።»

«ሰው ይመጣል?»

«ሁሉም ይመጣል። ሰኞን ያልለመነ የለም።»

«አባስ?»

«አባም ይመጣሉ።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ከዚያ ፊቷን በእጇ ጠረግ አደረገችና «እንግዲያው አልሰማሁም» አለችኝ።

አልገባኝም። «አልሰማሁም አልኩሽ እኮ። ያ ሁሉ ሰው ለኔ ብሎ ሲኞራውን ለምኖ፣ ለቅሶውን ይዞ እየመጣ ባዶ እጁን ልመልሰው? ደግሞ ጀልባ ላይ ቁጭ በሉ እየተባለ አይለቀስም። እኔ ቁጭ ብዬ የማለቅሰው ልጅ አልወለድኩም።»

ሮማ ስንገባ መንገድ ዳር ካለ ቧንቧ ኢንጀኜሬን አስቆመቻቸው። ወርዳ ዐይኗን ታጠበች። እኔም ለሽማግሌው ነገሩን አስረዳኋቸው። ሰሙኝ። ምን እንደገባቸው እንጃ፤ አንገታቸውን ብቻ ነቀነቁ።

እትዬ በላይነሽ ቤት ስንገባ አገሩ ተሰብስቧል። እንዴት ያለ ትያትር ነበር መሰላችሁ። ሁሉም ፊቱን አስተካክሎ ይጫወታል። የማይስቅ ሰው ይስቃል። እትዬ በላይነሽ ዘውዲቱን አገላብጠው ሳሟትና «ዐይንሽ ምነው ቀላ?» አሏት። «የባሕር ጨው ነው እትዬ» አለች። «እንዴት ያለ ውሃ ነው? ዐይን ይበላል።» ደግመው ሳሟት። ሳህኗን ከመሩላት። እሷም በላች። ጎርሳ፣ ውሃ ጠጥታ፣ ደግማ ጎረሰች። እኔ ጉርሻ ሁሉ ሲወርድላት በጉሮሮዬ እቆጥርላት ነበር። ስለ ሸራው አወራቻቸው፣ ስለ አንሶላው፣ ስለ ሽማግሌው ከረባት። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዷ ሳቋ ከብዷት ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች። ዘውዲቱም አይታት እንዳላየች ሆነች። አስቡት፣ መርዶ ነጋሪዎቹ ከሷ ይደብቃሉ፤ እሷ ከመርዶ ነጋሪዎቹ ትደብቃለች። መሀል ላይ ደግሞ እኔ አለሁ፤ ሁለቱንም ተሸክሜ ድፎ አዞራለሁ።

ጎህ ሲቀድ አባ መጡ። ሁሉም ነጠላውን ዘቅዝቆ ለበሰ። እትዬ በላይነሽ እፊቷ ቆመው «ዘውዲቱ፣ ልጄ፣ የሰጠም የነሳም እሱ ነው» ብለው ጀመሩ። እኔ የምታስመስል መስሎኝ ነበር። የእትዬን ስም ለማክበር፣ ሰው እንዳያፍር። እሳቸው «ሲሳይ» እንዳሉ ተነሳች። በሁለት እግሯ ቆመች። ያች ባሕር ላይ ያልወጣችው ድምጽ ያኔ ወጣች። ደረቷን ደቃች፣ ወደቀች፣ አነሱዋት፣ ደግማ ወደቀች። አንዷ ሙሾ አወጣችላት። የታችኛው ፎቅ ሰው በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን መታ፤ ማንም አልሰማው። ኢንጀኜሬም መጥተው በበሩ ላይ ቆመዋል፤ ጥቁር ከረባታቸውን እንዳሰሩ ናቸው፣ ባርኔጣቸው በእጃቸው ነው። አንድ ነገር አልጠየቁኝም። ሰው ቦታ ሲለቅላቸው መሬት ላይ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጡ።

ይኸው ነው። ዘውዲቱ ዛሬም አለች። ሰው አልቅሶላት እርሟን አውጥታለች፤ ስለዚያ ቀን አንሥተንም አናውቅ። የማያልፍ ቀን የለም፣ እንዲህም ሆኖ ያልፋል።

አንድ ችግር ብቻ ቀርቶብኛል። እትዬ በላይነሽ በዚያ መርዶ እንደ ኮሩ ቀሩ። እንደሱ ያለ ወግ የጠበቀ መርዶ ሮማ ላይ አልተነገረም ይላሉ። ምሥጢሩም ባሕሩ ነው ይላሉ። ሰው ቀን ነፋስ ይመታዋል፣ ማታ ይበላል፣ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ልቡ ጠንክሮ ይረዳል። ያገራችን ነገር እንደምታውቁት ነው፤ መርዶ አልቆመም። በመጣ ቁጥር ስልክ ይደውሉልኛል። «አስካል፣ የእኒያ ሽማግሌሽ ጀልባ አለች? አንዲት ምስኪን ነበረች፣ እሑድ ቢወስዱልን። ዘውዲቱ ያን ለሊት እንዴት ተኝታ እንዳደረች ታስታውሺ የለ?»

አስታውሳለሁ እንጂ። አንድ አልጋ ላይ ነው የተኛነው። እሷ የብርድ ልብሱን ጫፍ ነክሳ፣ እጄን ይዛ፣ ድምጽ እንዳይወጣት ስትታገል ነው ያደረችው። እጄ አብጦ ሰነበተ።

«አዎ እትዬ» እላቸዋለሁ፣ «እንቅልፍስ ይሰጣል። ጀልባዋ ግን ተበስታለች።»

እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ጀልባዋ ደህና ናት።